ከዜናችሁ የቀሩት ስድስት ዓመታት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የአሜሪካዊውን የቤዝቦል ተጫዋች የራይን ሳንድበርግን ሞት የዘገባችሁበትን ዜና አነበብኩ። አሥር ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ መመረጣቸውን፣ ዘጠኝ ጊዜ የምርጥ ተከላካይ ሽልማት የሆነውን የወርቅ ጓንት መሸለማቸውን፣ በ1984 የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች መባላቸውን ጽፋችኋል (ዓመቶቹን እኔም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሁሉም ልክ ነው። ግን ከ2007 እስከ 2012 በማይነር ሊግ፣ ማለትም ለዋናው ሊግ ተጫዋች በሚያፈሩት የታችኛ ሊጎች፣ ያሰለጠኑባቸው ስድስት ዓመታት የሉበትም። እኔ የማውቃቸው ደግሞ እዚያ ነው።

በ2010 ሰመር ዴሞይን ከተማ፣ አዮዋ ካብስ ስታዲየም ውስጥ ማሊያ አጥብ ነበር። ቡድኑ ሳንድበርግ ከተጫወቱበት ከዋናው ሊግ ቡድን ከቺካጎ ካብስ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ያለ ነው። ስታዲየሙ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ላይ ነው የተሠራው። ከሜዳው ማዶ የአዮዋ ምክር ቤት የወርቅ ጉልላት ያበራል። በቤዝቦል አሰልጣኙም እንደ ተጫዋቾቹ ማሊያ ይለብሳል፤ ስለዚህ የአሰልጣኛችን የሳንድበርግም ልብስ እኔ ጋ ይመጣል።

መጀመሪያ ማን እንደሆኑ አላወቅኩም። አገር ቤት ሳለሁ ቤዝቦል አይቼ አላውቅም። ዝምተኛ አለቃ ናቸው፣ በቃ። አንድ ቀን አጥሩ ጋ አንድ ሽማግሌ ቆመው አየሁ። ከቺካጎ ነው የመጡት። የሳንድበርግን የወጣትነት ፎቶ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሳንድበርግ ፈረሙላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ «ማናቸው?» አልኩት። ነገረኝ። ከ2005 ጀምሮ የቤዝቦል ታላላቆች በሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ውስጥ ያሉ፣ 23 ቁጥራቸውን ቺካጎ ለሌላ ተጫዋች ላለመስጠት በክብር ያስቀመጠላቸው ሰው ናቸው።

ያን ሌሊት ማሊያቸውን ሳጥብ ብዙ አሰብኩ። እኚህ ሰው በዝናቸው ብቻ ተከብረው መኖር ይችሉ ነበር። ማሰልጠን ሲፈልጉ ግን ከታች ጀመሩ። መጀመሪያ ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ፤ ገና ሃያ ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ። ከዚያ ቴነሲ። ከዚያ እኛ ጋ። በዚያው በ2010 የሊጋችን የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባሉ። የቺካጎ ዋና አሰልጣኝነት ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሳቸውም አለንታውን፣ ፔንሲልቬንያ ሄዱ፤ እሱም ማይነር ሊግ ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ሠሩ።

በዚያ ሰመር ከማጥብላቸው ልጆች አንዱ ዳርዊን ባርኒ ነበር። በ2012 በቺካጎ ማሊያ የወርቅ ጓንት ተሸለመ፤ ያውም በሁለተኛ ቤዝ፣ ሳንድበርግ ዝና ባተረፉበት የመከላከያ ቦታ። እዚያ ቦታ ላይ ያለ አንዳች ስህተት 123 ተከታታይ ጨዋታ መጫወት የሳንድበርግ የክለብ ክብረ ወሰን ነበር። ባርኒ 141 አደረሰው። የመምህሩን ክብረ ወሰን የሰበረው ራሳቸው ያሰለጠኑት ልጅ ነው። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እባካችሁ፣ ስለ እሳቸው ደግማችሁ ስትጽፉ ፒዮሪያን፣ ቴነሲን፣ ዴሞይንንና አለንታውንን ጨምሩልኝ።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከዴሞይን፣ አዮዋ