ለአባባና ለእማማ፦ ከቂርያት ሞሼ ጸሎት ቤት ምእመናን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበራችሁ አባባና እማማ፣ እንዲሁም ይህን ለምታነቡ ወገኖቻችን ሁሉ፤

የእኛ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል ከሆነው ከስግድ በኋላ ለእናንተ ክብር ባዘጋጀነው ምሽት ልንናገር ያሰብነውን ሳንጨርስ ነው የተለያየነው። አባባ፣ ሁለተኛው ተናጋሪ ገና ሳይነሳ ብድግ ብለው «ምስጋና ለእግዚአብሔር ነው፤ እኛ የሠራነው የቤታችንን ሥራ ነው» አሉና ሁላችንንም ወደ ማዕዱ ጋበዙን። እማማን ስንፈልግ ደግሞ ጓዳ ገብተው ወጥ ሲያወጡ አገኘናቸው። ታላላቆቻችንን አልታዘዝም ማለት ስላልለመድን ዝም ብለን በላን። ነገር ግን ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለንን ባልና ሚስት በአደባባይ ሳናመሰግን መቅረት አልሆነልንም። ስለዚህ በዚያ ምሽት ያልተነገረው እዚህ ተጽፏል። እማማ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ ይቆጡኝ።

ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። በ1984 (ቀናቱንና ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በእግር ወደ ሱዳን ወጣችሁ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ከረማችሁ፣ በዘመቻ ሙሴ፣ ከሱዳን በምስጢር በተደረገው በረራ፣ እስራኤል ገባችሁ። የአባባ እናት ግን ከዚያ መጠለያ አልወጡም። በመንገዱና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል። ከእነሱ መካከል የጸሎት ቤታችን አባላት ዘመድ የሆኑትን አባባ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ መዝግበው ይዘዋል፤ ስም ከነአባት፣ የመጡበት መንደር፣ የተቀበሩበት ቦታ ከታወቀ እሱም ጭምር። ስም ሳይወጣላቸው ያረፉ ሕፃናት በእናታቸው ስም፣ «የእገሊት ልጅ» ተብለው ተጽፈዋል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ወዳለው መታሰቢያ ከመሄዳችን በፊት ደብተሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። የእናቴ አባትም ደብተሩ ውስጥ አሉ። እናቴ የአባቷን ስም በሰው ፊት ሲጠራ የምትሰማው በዓመት አንድ ቀን፣ በአባባ ድምፅ ነው። አባባ፣ ይህን ደብተር እንዲጽፉ ያዘዘዎት ሰው አልነበረም። እርስዎ ባይጽፉት ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሳቸው እንደነበር አናውቅም።

በጥር 1985 የዘመቻው ምስጢር በመውጣቱ በረራው ሲቋረጥ ወላጅ እዚህ፣ ልጅ እዚያ ሆኖ ቀረ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲገባ እናንተ ዕብራይስጥ ተምራችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ ነበር። ከሥራ እየቀራችሁ ሰዉ ወዳረፈበት ሆቴልና መርካዝ ቅሊታ (የአዲስ መጪዎች ማረፊያ) ስትመላለሱ፣ ከሐኪም ጋር ስታስተረጉሙ፣ ዘመድ ከዘመድ ስታፈላልጉ እንደከረማችሁ የዚያ ጊዜ መጪዎች ዛሬም ያወራሉ። ቂርያት ሞሼ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው የሰንበት ጸሎት በእናንተ ሳሎን ተደረገ። ሚክላቱን (የቦምብ መጠለያውን) ለጸሎት እንድንጠቀምበት ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ዒሪያውን (ማዘጋጃ ቤቱን) የተመላለሱት አባባ ናቸው። ግድግዳውን ቀለም የቀባችሁትም እናንተው፣ መጋረጃውን የሰፋችሁትም እናንተው።

ስለ እሑድ ማታ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ከውጭ ላየው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላልና። በሰንበታችን በቅዳሜ ወረቀት አይነካም፣ የገንዘብ ነገር አይነሳም። ስለዚህ አዛውንቶቻችን ሳምንቱን ሙሉ ያልገባቸውን ደብዳቤ ሁሉ አጠራቅመው እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ አባባ ይመጣሉ። ከቢቱአሕ ሌኡሚ (ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ) የመጣ፣ ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድን ድርጅቱ) የመጣ፣ የውኃ ሒሳብ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ጥሪ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ያነባሉ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዳሉ፣ መልስ የሚፈልገውን በአንድ ወገን፣ የማያሳስበውን በሌላ ወገን ያስቀምጣሉ። የሰውን ጉዳይ ጮክ ብለው አያነቡም፤ ወንበራቸውን አስጠግተው በጆሮ ነው የሚናገሩት። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ የማን ልጅ ምን እንዳጠፋ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው አፍ ግን አንድም ቀን የሰው ምስጢር ወጥቶ አልተሰማም።

የእማማ ቀን ሐሙስ ማታ ይጀምራል። ሊጡ ሐሙስ ይቦካል፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቁር አዝሙድ የገባበት የሰንበት ዳቦ ተጋግሮ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጸሎት ቤት ይደርሳል። ለፋሲካ ቂጣውን፣ ለአራስ ገንፎውን፣ ለግርዘት ቡናውን መቁጠር አያልቅም። የስግዱን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ስግድ ከአስተስርዮ (ከዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን ነው፤ ክነሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ ከመደንገጉ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ እናንተ አውቶቡስ ተከራይታችሁ፣ ሰው አሰባስባችሁ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ትወስዱን ነበር። ሰዉ እስከ ከሰዓት ይጾማል። እማማ ግን ስኳር ያለባቸውን አዛውንት አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ ከበዓሉ በፊት ቄሳችንን አነጋግረው ፈቃድ ይቀበሉላቸዋል፣ የእነሱን ዳቦ ለብቻው ቋጥረው ይይዛሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ማንም ሳያይ፣ ሳያሳፍሩ ያቀምሷቸዋል። አንድም አዛውንት በስግድ ዕለት ወድቆብን የማያውቀው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኦሪቱ የሚወጣበትን ባለ ዘርፍ ጥላም እናስታውስ። ነፋስ ይመታዋል፣ ሽቦው ይጣመማል፣ ዘርፉ ይበጠሳል። አባባ በዓሉ እንዳለፈ ጥላውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሽቦውን በፒንሳ ያቀናሉ፤ እማማ ዘርፉን ከጥለቱ ጋር በሚመሳሰል ክር መልሰው ይሰፋሉ። አዲስ እንግዛ ብንላቸው «ይህ ምን ሆነ?» ነው መልሳቸው።

መርዶም አለ። ጎንደር የቀረ ዘመድ ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው አባባ ዘንድ ነው። ሰው ሥራ ቦታ ሆኖ ወይም መንገድ ላይ በስልክ እንዳይሰማ ቤተሰቡን ያስጠነቅቃሉ፤ ሽማግሌዎችን ይዘው ማልደው ይሄዳሉ፤ እማማ ከኋላ ቡናና ዳቦ ይዘው ይከተላሉ። እኛም ቤት መጥተዋል። አባቴ ያረፈ ጊዜ በሽቫው (በሐዘን መቀመጫው) ሙሉ ሰባት ቀን ቤታችን ሰው ሞልቶ ሲወጣ ሲገባ፣ እማማ ሌሊቱን ጓዳ ቆመው ስኒ ያጥቡ ነበር። እናቴ ተነሺ ብላ ስትልከኝ አንገቴን አቅፈው «አንቺ ለአባትሽ አልቅሺ፣ ስኒውን ለእኔ ተዪው» አሉኝ። እማማ፣ እርስዎ ረስተውት ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም።

በኮሮና ጊዜ አዛውንቱን በስልክ እንደጠየቃችሁ፣ ጦርነቱ በጀመረበት ሰንበት በጥቅምት 7 ቀን 2023 ደግሞ በእግራችሁ በር ለበር ዞራችሁ አዛውንቱን ወደ ሚክላት እንዳስገባችሁ ሁሉም ያውቃል፤ አላስረዝመውም።

እኛ እዚህ ያደግነው ልጆች ዕብራይስጡን ስናስቀድም የግእዙን ጸሎት ችላ ማለታችን አይካድም። አባባ አልተቆጡንም። ወጣቶቹን አንድ አንድ እያደረጉ ከቄሳችን አጠገብ ያስቆሟቸው ጀመር። ዛሬ ጸሎቱን በቃል የሚመልሱ ልጆች አሉን፤ ይህ የእሳቸው ትዕግሥት ፍሬ ነው።

ልጆቻችሁንም ማመስገን አለብን። አባትና እናታቸውን ከእኛ ጋር ተካፍለው ነው ያደጉት፤ የበዓል ቀን ወላጆቻቸው ቤት ሳይሆኑ ጸሎት ቤት ነበሩ። ለመረቁን ቄሶቻችን፣ ምግቡን ላዘጋጁ እናቶች፣ ወንበር ለተሸከሙ ወጣቶች፣ ከቂርያት ማላኪና ከነታንያ ድረስ ለመጡ ዘመዶች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለስጦታ የተዋጣውን ገንዘብ በተመለከተ፣ አባባና እማማ ለራሳቸው አንቀበልም ብለው ለሽቫ የሚያገለግሉ ወንበሮችና ትልቅ የውኃ ማፍያ እንዲገዛበት ጠይቀዋል። ተገዝቷል። ለቅሶም ሆነ ደስታ ያለበት ቤተሰብ ከኮሚቴው ወስዶ ይጠቀም፤ ኪራይ የለውም። የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ከእንግዲህ አራት ቤተሰቦች በየተራ እንይዛለን። የእሑዱን ደብዳቤ ለማንበብ ዕብራይስጥና አማርኛ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች ተመድበዋል፤ አባባ ለጊዜው አጠገባቸው እንደሚቀመጡ ቃል ገብተውልናል።

አባባ፣ እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የልጅ ልጆቻችሁን ሠርግ ያሳያችሁ። ውለታችሁን እሱ ይክፈላችሁ።

በጸሎት ቤቱ ምእመናን ስም
የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ረሖቮት