ውሻ ቅጠል አይበላም ያለው ማነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ግቢ ስለማስዋብ የምታወጡትን ጽሑፍ እከታተላለሁ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ግን አንድ ነገር ሁሌም ትዘላላችሁ። ግቢው ውስጥ ውሻና ድመትም አሉ እኮ!

በቀደም መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ ጋ ቆሜ ስለ ሳጎ ፓልም ጠየቅኩት፤ ያቺ ዘንባባ የምትመስለዋ፣ ግን ዘንባባ ያልሆነችዋ። «ውሻ አለኝ፣ አትጎዳውም?» ስለው ሳቀብኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ውሻ ቅጠል ይበላል እንዴ?» ይበላል። ቡችላ ሲሆን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ሳጎ ፓልም ሁለመናዋ መርዝ ነው፣ የከፋው ግን ብርቱካንማ ቀይ ፍሬዋ ነው። ውሻው መጀመሪያ እንደ ኳስ ያንከባልለዋል፣ ከዚያ ይሰብረዋል። ያስመልሰዋል፣ ይደክመዋል፣ አንዳንዴም ተሻለው ሲባል በቀናት ውስጥ ጉበቱ እምቢ ይላል።

ለድመት ክፉዋ ሊሊ ናት። ድመቷ የግድ አበባውን መብላት የለባትም፤ ብናኙ ፀጉሯ ላይ አርፎ ስትልሰው ወይም አበባው የተነከረበትን ውሃ ስትጠጣ ይበቃታል፣ ካልታከመች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ኩላሊቷ ሥራ ያቆማል። (እንደ ጥሩምባ የምትጠቀለለው ነጭ ካላ ሊሊ በስም ብቻ ነው ዘመዷ፤ አፍ ታቃጥላለች እንጂ ኩላሊት አትነካም።) ድመት ላለው ሰው አበባ የምትወስዱ ከሆነ ጽጌረዳ ውሰዱ። ከእሾሁ በቀር ጣጣ የለውም፣ በአገራችንም ሞልቷል።

ሁሉም ደግሞ ከውጭ የመጣ አይደለም። ምጣድ የምናሟሽበት ጉሎ ፍሬው ከታኘከ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ ያወጣል። ሰውን የሚያስለፈልፈው አስተናግር ውሻንም አይምርም። የቅንጭብ አጥር ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አያድርስ ነው። አበባ ባይሆንም እግረ መንገዴን ልናገር፦ ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊም ለውሻና ለድመት ደም ጠላት ነው፣ በተለይ ለድመት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የወተቱ ነገር ነው። እንስሳ ተመረዘ ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ወተት ይዞ ይመጣል። ወተት የሊሊንም የሳጎንም መርዝ አያረክስም። እንዲያስመልሰው ተብሎ ጨው በጥብጦ መጋትማ በመርዝ ላይ መርዝ መጨመር ነው። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡለት፣ የበላውን ተክል ቅጠል ቆርጣችሁ ወይም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። «እስኪ ነገ እንየው» አያዋጣም። የሊሊ ምልክት በደንብ በሚታይበት ሰዓት ኩላሊቷ አብዛኛውን ጊዜ ተጎድቷል።

ችግኝ ሻጮች ይህን ሁሉ ይወቁ አልልም፣ እንጀራቸውን ነው የሚጋግሩት። ችግኝ የሚያፈሉት ትልልቆቹ ድርጅቶች ግን የተክሉን ስምና «ለውሻና ለድመት አደገኛ ነው» የምትል አንዲት መስመር ማሰሮው ላይ ቢለጥፉ ምን ይጎድልባቸዋል? እናንተም በሚቀጥለው የግቢ ማስዋቢያ ገጻችሁ የእነዚህን ተክሎች ፎቶ ከነስማቸው አውጡልን። ቆርጬ ለዚያ ልጅ እወስድለታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከገርጂ