ስለ አዲሱ ጠመንጃህ የጥይት ማረፊያ ልክ

ውድ ወዳጄ፣

ከረጅም ዝምታ በኋላ ብዕሬን ሳነሣ በቅድሚያ እንደምን ሰንብተሃል እላለሁ። ለረጅም ርቀት የኢላማ ተኩስ የሚሆን ጠመንጃ ልታሠራ መሆኑንና የቻምበሩን፣ ማለትም የጥይት ማረፊያውን ልክ መወሰን ብቻ እንደቀረህ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። መነጽርና ሰደፍ በማናቸውም ጊዜ ይለወጣሉ፤ ሪመሩ፣ ማለትም ቻምበሩን የሚቀርጸው መቁረጫ፣ ቆርጦ ያወጣውን ብረት ግን መልሶ የሚሞላ የለም።

አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ልኩን ከሥዕል ላይ አትምረጥ። አስቀድመህ የምትተኩሰውን ዓረርና የምትጠቀምበትን ቀለህ ወስንና ባሩድም ማቀጣጠያም የሌለው አንድ የልኬት ጥይት ሥራ። ዓረሩን ወደ ቀለሁ ስታስገባ ቀጥ ያለው የጎኑ ክፍል የሚያበቃበት ቦታ የቀለሁ አንገት (ዓረሩን የሚይዘው ጠባብ ክፍል) እና ትከሻ (ከአንገቱ በታች እየሰፋ የሚወርደው ክፍል) ከሚገናኙበት ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቀር አድርግ። ቀለህ ደጋግሞ ሲተኮስና ሲስተካከል በዚያ መገናኛ ላይ ከውስጥ የወፈረ ቀለበት ይፈጠራል፤ ዓረሩ ከዚያ አልፎ ከገባ አያያዙ ከጥይት ጥይት ይለያያል። በካዝና የምትተኩስ ከሆነም የጥይቱ ሙሉ ርዝመት ካዝናው ውስጥ በነጻነት መግባቱን አሁኑኑ አረጋግጥ። ይህን የልኬት ጥይት ለሪመር ሠሪው ላክለት፤ ከአንገቱ ጫፍ እስከ በርሜሉ ጠምዛዛ ቦዮች መጀመሪያ ያለውን ፍሪቦር የሚባለውን ለስላሳ ክፍል ርዝመት የሚወስነው ይኸው የልኬት ጥይት ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው 6.5 ክሪድሙር የተባለው የጥይት ዓይነት በኢንዱስትሪው መደበኛ ልክ 5.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ፍሪቦር አለው፤ ረጃጅም ዓረሮችን የሚቀበለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በርሜሉ በተተኮሰ ቁጥር የቦዮቹ መጀመሪያ በእሳት እየተበላ ወደ ፊት ስለሚሸሽ፣ ዓረሩን እያወጣህ ልትከተለው የምትችልበት ትርፍ ካዝናው ውስጥ እንዲኖርህ ከወዲሁ አስብበት። የፍሪቦሩ ስፋት ደግሞ ከርዝመቱ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። የዓረሩ ውፍረት 6.71 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፍሪቦሩ ከዚያ በ0.013 ሚሊ ሜትር ያህል ቢበልጥ ይበቃል፤ ከልክ በላይ ሲሰፋ ዓረሩ አዘንብሎ ወደ ቦዮቹ ይገባል፣ ያም በሩቁ ኢላማ ላይ ይታያል።

አንገቱን እጅግ አጥብቆ የማስቆረጥ ፈተና እንዳይዝህ እፈራለሁ። የአንገቱ ግድግዳ 0.38 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተሞላው ጥይት አንገት 7.47 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቻምበሩ በዚያ ስፍራ 7.54 ቢሆን ለእኔ ትክክለኛው ልክ ነው። አንገቱ ተከፍቶ ዓረሩን የሚለቅበት ቦታ ካጣ ግፊቱ አደገኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ለዚህ ደግሞ ትንሽ ወፈር ያለ ሌላ ዙር ቀለህ መግዛት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ውድድራቸው በቅርብ ርቀት ከጠረጴዛ ላይ የሆነ ሰዎች የእያንዳንዱን ቀለህ አንገት በመላጫ እያስተካከሉ ጠባቡን ይጠቀማሉ፤ በአቧራ ውስጥ ለሚተኩስ ሰው ግን አልመክረውም።

የቻምበሩን የኋላ ስፋት ከቀለህ ማጥበቢያው ዳይ ጋር አብረህ ምረጥ። ዳዩ ቀለሁን ከግርጌው ጥቂት ካላጠበበው ቦልቱ፣ ማለትም ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ሲከፈት በኃይል መንቀል ይጠይቃል፤ ይህን ችግር ባሩድ በመቀነስ አታስወግደውም።

የቀረው የባለሙያው ድርሻ ነው። ትከሻው የሚያርፍበትን ጥልቀት በጎ (ቦልቱ ሊዘጋበት በሚገባው) እና በኖ-ጎ (ሊዘጋበት በማይገባው) መለኪያ ይጠብቀው፤ .308 ዊንቸስተር ለተባለው ጥይት ለምሳሌ መደበኛው የቻምበር ልክ ከ41.40 እስከ 41.66 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንተ ግን ወደ ታችኛው ወሰን እንዲጠጋልህ ጠይቅ። የሪመሩ መሪ ጫፍ በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ ሳይላላ መቀመጡን፣ በርሜሉም ቶርኖው ላይ ከቀዳዳው መካከል ተነሥቶ መስተካከሉን አይተህ አረጋግጥ፤ ቻምበሩ ጠምሞ ከተቆረጠ ከላይ የዘረዘርኩልህ ልክ ሁሉ ከንቱ ነው።

የሪመሩን ሥዕል ከማጽደቅህ በፊት ከዓረሩና ከቀለሁ ዓይነት ጋር ብትልክልኝ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አይቼ ወዲያው እመልስልሃለሁ።

አክባሪህና ናፋቂህ
ወዳጅህ