እማዬ፣ ለአንቺ ቦታ አለ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሿ አሁንም መኪና ውስጥ ገና ከመግባቷ ጫማዋን ታወልቃለች።

በቀደም በስልክ "ያቺ የምትሞክሯት መኪና እንዴት ሆነች?" ብለሽኝ ነበር። መልሴን ሳትጠብቂ ደግሞ "በሉ ለእናንተ ትበቃለች፣ እኔ ቤቴ ደህና ነኝ" አልሽ። ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ያ ንግግርሽ ነው። በስልክ ላስረዳሽ ብሞክር ታቋርጪኛለሽ። በደብዳቤ ግን እስክጨርስ ትሰሚኛለሽ።

መኪናዋ መለስተኛ ሴዳን ናት፣ ሃይብሪድ፤ ማለትም የቤንዚንም የኤሌክትሪክም ሞተር ያላት። ሻጮቹ መጀመሪያ ሰፈር ዞራችሁ መልሱ ሊሉን ነበር። እኛ ግን ያ ሙከራ አይደለም አልናቸው። መኪና የሚታወቀው ሰው ሞልቶ፣ ዕቃ ተጭኖ፣ ከኋላ "አልደረስንም?" እየተባለ ሲነዳ ነው። ተከራክረን ለቅዳሜና እሁድ ወሰድናት። ከዚያ ቤተሰቡን ሙሉ ጭነን ረጅሙን መንገድ ወጣን።

አንቺ መጀመሪያ የምትጠይቂውን ስለማውቅ ከነዳጁ ልጀምር። የለካሁት አንቺ ባስተማርሽኝ መንገድ ነው። ሞልቼ ተነሳሁ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩ። ስንደርስ እንደገና ሞላሁና የሄድንበትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፈልኩ። ስንመለስም እንደዚያው። ቀጂው "ትንሽ ልጨምርበት?" ሲለኝ እምቢ አልኩ። ማሽኑ ራሱ ሲቆም መቆም ነው፤ አለዚያ "ሙሉ" የሚባለው በየጊዜው ይለያያል፣ ስሌቱም ይበላሻል።

ስንሄድ የነዳው ባለቤቴ ነው። ታውቂው የለ፣ መንገዱ ባዶ ከሆነ እግሩ ይከብዳል። 120 ላይ አድርጓት ሄደ። በሊትር 17 ኪሎ ሜትር ወጣ። ስንመለስ እኔ በ90 ነዳሁ። በሊትር 21 ተኩል ግድም ሆነ። መኪናዋ ያቺው፣ ሰዎቹ እነዚያው፣ ሻንጣውም ያው ነው። "መመለሻው ቁልቁለት ይሆናላ" እንዳትይ፤ መነሻውና መድረሻው ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው። ነፋሱ ትንሽ ረድቶኝ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልክድም። ዋናው ግን ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 120 ሲወጣ ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ብቻ ነው፤ የአየሩ ኃይል ግን 1.8 እጥፍ ያህል ደርሷል። ይህን ወረቀት ላይ ሠርቼ ለባለቤቴ አሳየሁት። "ቢሆንም ቀድመን ደርሰናል" አለኝ። ቀድመን ደርሰን ያደረግነው ነገር ቢኖር ቁልፍ የያዘውን ሰው ደጅ ላይ ቆመን መጠበቅ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኮምፒውተር በሁለቱም ጉዞ ከእኔ ስሌት ትንሽ አሳምሮ ነው የሚናገረው። ሻጩ የሰጠን ወረቀት ደግሞ ከኮምፒውተሩም ይብሳል። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር መኪናው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ የተለካ ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አዲስ የመለኪያ ሥርዓት ገብቷል። ከድሮው ይልቅ ለትክክለኛው አነዳድ የቀረበ ነው። ግን እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ባለቤቴ የለም።

አሁን ደግሞ ደብተርሽን አውጪና አንድ ነገር አብረን እናስላ። የድሮዋ መኪናሽ በደብተርሽ መሠረት በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ነበር የምትሄደው። ሻጮቹ የዚህችው መኪና ሃይብሪድ ያልሆነ ዓይነትም አላቸው፤ እሷ 15 ግድም ትሄዳለች እንበል። ሃይብሪዷን ደግሞ በአማካይ 20 እንበላት። ከ9 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 20 ሲባል እኩል የሚጠጋ እርምጃ ይመስላል። ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ብለሽ ስትገለብጪው ግን ሌላ ነው። የአንቺዋ 11 ሊትር ትፈልጋለች። ቤንዚን ብቻ የምትጠቀመው 6.7። ሃይብሪዷ 5። የመጀመሪያው እርምጃ ከ4 ሊትር በላይ ያተርፋል፤ ሁለተኛው 1.7 ብቻ። ሻጩ ይህን አልነገረንም፤ የመንገር ፍላጎትም የለው። ስለዚህ ለረጅም መንገድ ብቻ የምንገዛ ቢሆን ኖሮ ተራዋ ትበቃናለች እልሽ ነበር።

ሆኖም እኔ ወደ ሃይብሪዷ አደላለሁ። የእኛ ኑሮ ረጅም መንገድ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጭንቅንቅ ውስጥ ቆሞ መሄድ፣ ሄዶ መቆም ነው። ተራ መኪና ፍሬን በያዝሽ ቁጥር ያንን ሁሉ ጉልበት ሙቀት አድርጋ ነው የምትበትነው። ይህቺ ግን ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሯ እንደ ዲናሞ ይሠራና ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ስትቆም ቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል። ስትነሳ በኤሌክትሪኩ ትነሳለች። ለዚህ ነው ተራ መኪና ከተማ ውስጥ ነዳጅ ሲያንገበግባት ሃይብሪድ ደልቷት የምትነዳው። በሶኬት መሰካት የሚባል ነገርም የለባትም። "አዲስ ነገር ነው፣ ሜካኒክ አያውቀውም" እንደምትይ አውቃለሁ። ያን ያህል አዲስ አይደለም። ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ባትሪው ሲያረጅ ግን ውድ ነው፤ እሱን ዋስትናው ላይ በደንብ አነበዋለሁ።

አንድ የማይመችሽ ነገር አለ። አንቺ መኪና የምትነጂው በጆሮሽ ነው። ማርሽ የምትቀይሪበትን ሰዓት የሚነግርሽ የሞተሩ ድምፅ ነበር። ይህቺ ዳገት ላይ ታናድድሻለች። ነዳጅ ስትረግጪ ሞተሩ አንድ ጊዜ ይጮህና እዚያው ጩኸት ላይ ይቆያል፤ ማርሽ የሚቀየር የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ መጀመሪያ የተበላሸች መስሎት ደንግጦ ነበር። አልተበላሸችም፣ አሠራሯ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ሥራውን ሁሉ ትንሹ የቤንዚን ሞተር ብቻውን ይሸከማል። ወጣች፣ አላሳፈረችንም። ግን ሞልተን ስለነበር ከባድ መኪና መቅደም ስፈልግ ሁለት ጊዜ አስቤ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ባትሪው ሞልቶ ሌላ አልቀበልም ይላል። ያኔ ማርሹን "ቢ" ላይ ታደርጊዋለሽ፣ ሞተሩ ይይዛታል። ፍሬን አትጨርሺ፣ በማርሽ ያዢ እያልሽ ስትጮሂብን የነበረው ነገር ማለት ነው።

በይ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ወደ መቀመጫው።

አምስት ሰው ትይዛለች ይላል ወረቀቱ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለት የልጅ መቀመጫ ከኋላ ከታሰረ በኋላ መሀል የሚቀረው ቦታ ለአዋቂ ሰው ምቾት የለውም። ራሴ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ከመንገዱ ግማሽ ያህሉን ሆን ብዬ መሀል ገብቼ ነው የሄድኩት። ወለሉ መሀል ላይ ጉብ ያለ ስለሆነ እግሬን ግራና ቀኝ ከፍዬ። ከቀኝ የትልቁ ልጅ ክርን፣ ከግራ የትንሿ ባዶ እግር። ቀበቶውን ለማሰር መቀመጫ ሥር እጄን ልኬ ስዳብስ ቆየሁ። ግን ደረስኩ። ቀጫጫ ብለሽ የምትስቂብኝ ነገር በመጨረሻ ጠቀመኝ። ስለዚህ አብረን ስንሄድ እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንቺ ከፊት ነሽ። ይህ ተወስኗል፤ "እኔ ከልጆቹ ጋር ልሁን" የሚባል ክርክር አልቀበልም።

የፊተኛው ወንበር ደግሞ ሰፊ ነው። ወደ ኋላ በደንብ ይሄዳል፤ እግርሽን ትዘረጊያለሽ። የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ሴዳን ዝቅ ይላል። መቀመጡ ቀላል ነው፣ መነሳቱ ነው ጣጣው። የእህትሽ ልጅ ያመጣው ያ ረጅሙ መኪና ደግሞ ተንጠላጥለሽ ካልሆነ እንደማይገባ አይተሻል፤ እሱም ለጉልበትሽ አልሆነም። የዚህችን ወንበር ከፍ የሚያደርግ እጀታ የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የጎኑም አለው። ሁሉም ዓይነት ይህ የለውም፤ ርካሹ ላይ የሾፌሩ ብቻ ነው። ከፍ አድርጌው ስቀመጥ ዳሌዬ ከጉልበቴ በላይ ሆነ። ሐኪሙ ወንበር ስትመርጪ ያለሽ ይህንኑ አልነበር? አገባቡም ዘዴ አለው። ጀርባሽን ሰጥተሽ መጀመሪያ ትቀመጫለሽ፣ ከዚያ ሁለቱን እግርሽን አንድ ላይ ታዞሪያለሽ። ስትወጪም በዚያው ተቃራኒ። አንድ እግር አስቀድሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጭንቅላት አስገብቶ መግባት ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

ዕቃ ላይ ብዙ አልልሽም። የኋላው መጫኛ ጥልቅ ነው፣ አፉ ግን ጠባብ ነው። ትልቁ ጥቁር ሻንጣሽ ውስጡ ቢገባ ይተርፋል፤ በሩ ላይ ግን እንቢ ይላል። ሁለት ለስላሳ ቦርሳ ይሻላል። ባለቤቴ ጣራ ላይ ሳጥን እናስር ሲል አይሆንም አልኩት። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ትልቅ የጣራ ሳጥን በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ፣ በሰዓት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነዳጅ ቆጣቢነትን ይቀንሳል። ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ገዝቶ ጣራዋ ላይ ሳጥን መጫን ምን ይሉታል? ከዚያ ይልቅ የጎማውን ነፋስ በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ እለካለሁ። ለሙሉ ጭነት የሚሆነው መጠን በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተጽፏል፤ ባዶዋን ከምትነጂበት ይበልጣል።

በነገራችን ላይ የሚጮኹ ነገሮች አሏት። መስመር ስትለቂ ትጮሃለች፣ ፊትሽ ያለው መኪና ሲቀርብ ትጮሃለች። ልጆቹ ወደዱት። እኔ ግማሹን አጠፋሁት፤ የፍሬን ማስጠንቀቂያውን ግን ተውኩት፣ እሱ ይጠቅማል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ አንቺን ያስቆጣል። ትርፍ ጎማ የላትም። የመጫኛውን ወለል ሳነሳ ያገኘሁት ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ የነፋስ መሙያ ብቻ ነው። ፈሳሹ ለሚስማር ይሆናል። የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን መንገድ ላይ መቅረት ነው። ለሻጩ ይህን ስነግረው "አሁን ሁሉም መኪና እንዲህ ነው" ብሎኝ አለፈ። ሁሉም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቦታውም ለቀጭን ትርፍ ጎማ የሚበቃ ይመስለኛል።

እስካሁን አልፈረምንም። አንቺ ሳትቀመጪባት አንፈርምም። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ይሰጡናል፣ በቀጥታ ወደ አንቺ ነው የምንመጣው። ዘወትር የምታደርጊውን ጫማ አድርጊ፣ የክት አይሁን። መውጣት መግባቱን ደጋግመሽ ሞክሪ። ጉልበትሽ እንቢ ካለ እንተዋታለን፣ ሌላ እናያለን፤ ለእኔ ብለሽ "ደህና ናት" እንዳትይኝ። ከተመቸሽ ደግሞ አብረን ወደ ሻጩ እንሄዳለን። የትርፍ ጎማውን ነገር አንቺ ራስሽ ጠይቂው። እኔን አልሰማኝም።

የምትወድሽ ልጅሽ