ለመጀመሪያ ቢላዋህ

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? «በገዛ እጄ ቢላዋ ለመሥራት ተመኝቻለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለህ ከጻፍህልኝ 3 ዓመት አለፈ፤ እኔም የተሟላ መልስ እሰጠዋለሁ በማለት ዛሬ ነገ ስል ይኸው እስካሁን ዝም አልሁህ፤ ከልብ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ምኞትህ ዛሬም እንዳለ ከጋራ ወዳጃችን ስሰማ ደስታዬ እፍረቴን አሸንፎ ብዕር አስነሣኝ።

በዚያ ደብዳቤህ ወናፍም መስፍም የለኝም ብለህ ነበር። ለመጀመሪያ ቢላዋ ሁለቱም ግድ አይደሉም። ከጠፍጣፋ አረብ ብረት ላይ ቅርጹን በሴጌቶ ቆርጦ በሞረድ ማውጣት ይቻላል፤ ሞርሳ፣ ትራፓኖና የብርጭቆ ወረቀት ከተጨመሩ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ይልቅስ ገንዘብህን በብረቱ ላይ አውጣ፤ ምንነቱ ያልታወቀ ቁርጥራጭ ካርበኑ አነስተኛ ከሆነ የፈለግኸውን ያህል ብታግለውና ብትነክረው አይጠነክርም፤ የሳምንታት ድካምህም ከንቱ ይቀራል። 1084 የሚባለው፣ 0.84 በመቶ ያህል ካርበን ያለው ብረት የጀማሪን ስሕተት የሚታገሥ ስለሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ፈልግ። የማይዝገውን ብረት ለጊዜው ተወው፤ እርሱ ከፍ ያለና በትክክል የተለካ ሙቀት ይፈልጋል።

አስቀድመህ ቅርጹን ከካርቶን ቁረጥ። ስለቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር ባይረዝም እመርጣለሁ፤ አጭር ብረት ለመሞረድም ሆነ እኩል ለማጋል ይቀላል። ካርቶኑን ጨብጠህ አንድ ነገር እንደምትቆርጥ ሆነህ ሞክረው፤ መዳፍህን የሚጎረብጥህን ቦታ እየቀነስህ አስተካክለው። የእጀታውን ቀዳዳዎች ብረቱ ሳይጠነክር ብሳቸው፤ አፉንም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም አድርገህ ተወው፤ ከዚያ የሳሳ አፍ ሲነከር ይጣመማል፤ አለዚያም ይሰነጠቃል።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን 2 ሳምንት ሙሉ ሞርጄ፣ አፉን እንደ ወረቀት አሳስቼ፣ አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። «ጠቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ፤ ሳወጣውም ከአፉ እስከ ወገቡ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጥቶበት አገኘሁት። ውኃ ሙቀቱን በድንገት ስለሚነጥቀው፣ ከዚያ ወዲህ ወደ 50 ዲግሪ በሞቀ የምግብ ዘይት እንጂ በውኃ ነክሬ አላውቅም። ዘይቱ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ እሳት ቢይዘው ወዲያው ትከድነዋለህ።

የሙቀቱን መጠን ማግኔት ይነግርሃል። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ጨለም ባለ ቦታ ፍም መስሎ የቀላውን ብረት ስታስጠጋው፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ጥብቅ ይል የነበረው አሁን እንደ እንጨት ዝም ይላል። ከዚያ ቅላቱ ትንሽ ደመቅ እስኪል ታገሥና አፉን ወደ ታች አድርገህ ሳታመነታ ንከረው። ሲቀዘቅዝ ሞረድ አሳርፍበት፤ ሞረዱ ሳይቧጥጠው በመስተዋት ላይ እንደሚሄድ ተንሸራቶ ካለፈ ሠምሮልሃል።

እንዲህ የጠነከረ ብረት ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር 200 ዲግሪ በደረሰ ምድጃ ውስጥ ለ2 ሰዓት ያህል አቆይተህ፣ አቀዝቅዘህ፣ እንደገና ያንኑ ያህል አቆየው። አንዱን ጎኑን አስቀድመህ ካጸዳኸው የገለባ መልክ ሲይዝ ታያለህ፤ እኔ ያን ቀለም እስከ ዛሬ አይቼ አልጠገብሁትም። በመጨረሻ አፉን በሞተር ስትስል ግን በየጊዜው ውኃ ውስጥ እየነከርህ አቀዝቅዘው፤ ሰማያዊ ከሆነብህ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው። እጀታው አያስቸግርህም፤ ሁለት የእንጨት ገጽ በኢፖክሲ ሙጫና በናስ ዘንግ ይያዛል። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳታደርግ ግን እባክህ ሥራውን አንድም ቀን እንዳትነካው።

ካርቶኑን ቆርጠህ ስትጨርስ ዙሪያውን በወረቀት ላይ ሥለህ ላክልኝ። መዳፍህንም ከጎኑ ሣለው፤ እጀታው ይበቃህ እንደሆነ ከዚያ አያለሁ። በዚህ ጊዜ መልሴ በዚያው ሳምንት ይደርስሃል።

የማይረሳህ ወዳጅህ