ማልያው ከመስኮት ዳር ይነሣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አገር አቀፍ የስፖርት ሙዚየም ይሠራ የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሲነሣም ወሬው ሁሉ ስለ ሕንፃው ነው፤ ስታዲየም ዙሪያ ይሁን ወይስ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ስንት ፎቅ ይኑረው፣ ማን ይሥራው። እኛ በቅርስ እንክብካቤ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች የሚያሳስበን ሕንፃው እስኪቆም ድረስ የሚገባበት ዕቃ መትረፉ ነው። ከለገሃር እስከ ፒያሳ በየክለቡ ቢሮ፣ በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያና በየአትሌቱ ቤተሰብ ሳሎን የተቀመጠውን ማልያ፣ ዋንጫና ጫማ ከሌባ ይልቅ እየጨረሰው ያለው በክብር የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ነው።

ከብርሃን እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ተራ የመስኮት መስታወት የተወሰነውን ቢያስቀርም ቀለም የሚያደበዝዘው አብዛኛው ያልፋል። ቀለም ለተነከረ ጨርቅ ሙዚየሞች የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። በዚህ መጠን በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢታይ 120,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። 2,000 ሉክስ በሚያርፍበት መስኮት ዳር ይኸው የዓመት ድርሻ በ60 ሰዓት ያልቃል፤ በሥራ ሰዓት ሲቈጠር ስምንት ቀን አይሞላም። የደበዘዘ ቀለም ደግሞ በምንም አይመለስም።

የብርሃን መለኪያ የሌለው በስልክ በሚጫን መለኪያ ሊጀምር ይችላል፤ ትክክለኛነቱ ባይመካበትም 50ን ከ2,000 ይለያል። ማልያውን ግድግዳ ላይ በሚስማር መስቀል ይቅር። ጨርቁ የራሱን ክብደት በትከሻው ተሸክሞ ይለጠጣል፣ ቁጥሩ የተሰፋበት ቦታ ይተረተራል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ አቡጀዴ አልብሶ ማስተኛት ይሻላል። አቡጀዴው ግን እንደተገዛ አይሆንም፤ በሙቅ ውኃ ሁለቴ ታጥቦ ስታርቹ ይውጣ፣ ስታርች ተባይ ይጠራልና። ከ3 እስከ 6 ወር የታየ ማልያ ጨለማ ቦታ ገብቶ ይረፍ፣ በእሱ ፋንታ ሌላ ይውጣ። ማጠብ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ጭቃውና የላቡ ወዝ የጨዋታው ማስረጃ ናቸው፤ በኦሞ ታጥቦ የተተኰሰ ማልያ ከሱቅ ከመጣ በምን ይለያል? ብል የገባበት የሱፍ ማልያ ከሆነ ናፍታሊን አያስፈልግም። በፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አውጥቶ ማሸግ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ማቆየት፣ ከወጣ በኋላም ከረጢቱን ሳይከፍቱ 24 ሰዓት መጠበቅ በቂ ነው። ቶሎ ከተከፈተ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል።

ወደ ዋንጫ ስንመጣ ትልቁ ጠላት ጽዳት ነው። በበዓል ዋዜማ ነሐስ በሎሚና በአመድ መፈግፈግ ከቤታችን የለመድነው ነው፤ ለዋንጫ ግን መርዝ ነው። ሎሚው መዳቡን ይበላል፣ አመዱ ይፍቃል። አብዛኞቹ ዋንጫዎች ከላይ ስስ ብር ወይም ወርቅ የተቀቡ ነሐስ ናቸው፤ ቅቡ ከፀጉር ስለሚቀጥን ጥቂት ዓመት እንዲህ ከተፈገፈጉ ቢጫው ይወጣል፣ የተቀረጸው ስምና ዓመተ ምሕረት ይጠፋል። በጠርሙስ የሚሸጡት የብረት ማንጸባረቂያዎችም ሥራቸው ያው ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት፤ ቅባት ካለው በተጣራ ውኃ ላይ ሁለት ጠብታ ቀላል ሳሙና ጨምሮ በጥጥ መጥረግና ወዲያው ማድረቅ። ውኃ ውስጥ መንከር አይሆንም፤ ባዶው እጀታና የእንጨት መቆሚያው ውኃ ይይዛሉ። ሲያነሡት ናይትራይል የሚባለውን ስስ ጓንት አድርጎ፣ ክዳኑን ለብቻ አውርዶ፣ ከሥሩና ከሆዱ መያዝ ነው። እጀታው በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ክብደቱን አይችልም፤ ለፎቶ በእጀታ ከፍ ሲደረግ የተሰነጠቀው ዋንጫ ብዙ ነው።

በዚህ ረገድ የራግቢ ሰዎች ጥሩ ትምህርት አላቸው። እንግሊዝና ስኮትላንድ የሚጫወቱበት የካልካታ ዋንጫ፣ በ1878 (እ.ኤ.አ.) የፈረሰ አንድ የሕንድ ክለብ የቀረውን ገንዘብ በብር ሩፒ አውጥቶ፣ 270ውን አቅልጦ ያሠራው ነው። እጀታዎቹ ሦስት እባቦች ናቸው፤ ክዳኑ ላይ ዝሆን ቆሟል። በ1988 ተጫዋቾች ኤድንብራ ጎዳና ላይ እንደ ኳስ ተቀባብለውት ክፉኛ ተጎዳ። ዛሬ ዋናው ለንደን ትዊክንሃም በሚገኘው የዓለም ራግቢ ሙዚየም ይጠበቃል፤ ለየአገሩ ማሳያ በልኩ የተሠሩ ቅጂዎች አሉ። ቅጂ ማሳየት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ቅጂውን ዋና ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛም መግለጫ ጽሑፎች መጠንቀቅ አለባቸው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ጋና በ1978 (እ.ኤ.አ.) ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ ለዘለቄታው የወሰደችው ነው። ስለዚህ እዚህ ለእይታ የሚቀርብ ካለ ሥሩ ላይ «ቅጂ» ተብሎ ይጻፍ። የአበበ ቢቂላ የሮም ጫማ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ካለም ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት፤ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው። የደረቱ ቁጥር ሮም ላይ 11፣ ቶኪዮ ላይ 17 ነበር። የሮም ሜዳሊያ በነሐስ የሎረል ቅጠል ጉንጉን ተከብቦ የነሐስ ሰንሰለት ያለው ነው፤ በጨርቅ ጥብጣብ የተንጠለጠለ ካያችሁ ጠይቁ።

የመስታወት ሳጥኑ ራሱ ሌላ ችግር ነው። እዚህ አናጢ የሚያቀርበው ቺፑድ ወይም ኮምፔንሳቶ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ሙጫ የሚያወጣው ጋዝ አሲድ ሆኖ ነሐስና እርሳስ ይበላል። ታች የሚነጠፈው አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ ድኝ ስላለው ብርን ያጠቁራል፤ ጎማም እንዲሁ። በዱቄት ቀለም የተቀባ ብረትና መስታወት ምርጥ ነው። እንጨት የግድ ከሆነ ውስጡ በሙሉ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፈን፣ ቀለም የተቀባም ቢያንስ 4 ሳምንት ተከፍቶ ይናፈስ። የሚጠራጠር ሰው ሊፈትነው ይችላል፦ ከጨርቁ ወይም ከእንጨቱ ቁራሽ፣ ጥቂት ጠብታ ውኃና የተወለወሉ የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ቅንጣቢዎች ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ ዕቃ አሽጎ 60 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ማቆየት። ብረቶቹ ከጠቆሩ ወይም ነጭ ዱቄት ካወጡ ያ ዕቃ ሳጥን ውስጥ አይገባም። መብራቱም ከሳጥኑ ውጭ ይሁን፤ ውስጥ ያለ አምፖል ሲበራ ያሞቃል፣ ሲጠፋ ያቀዘቅዛል፣ አየሩም እርጥበትና አቧራ እየማገ ይገባል ይወጣል።

ክረምት ሲገባ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ከውጭ ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ብቻውን ብዙ ያድናል። የድሮ የቆዳ ታኬታ የጫማ ቀለም አይቀባ፤ ስቡ ከመዳብ ቀለበቶቹ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ሰም ያወጣል። የቆየ ኳስም አይነፋ፤ የደረቀ ካላማዳሪውና ስፌቱ ይፈነዳል፣ ውስጡን በፖሊስተር ጥጥ መሙላት ይበቃል። የሚያስፈራን ግን የዘመናችን የሩጫ ጫማ ነው። ብዙዎቹ መሐል ሶላቸው ፖሊዩሬቴን የሚባል የአረፋ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ባይጫሙትም በ20 ዓመት ገደማ ይፈረፈራል። ማዘግየት እንጂ ማስቆም አይቻልም፤ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጫማ ያለው ቤተሰብ ካለ ከስድስቱም ጎን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ ዛሬውኑ ፎቶ ያንሣው።

ፎቶግራፍ በስኮችና በማስቲሽ አይለጠፍ፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያሻም።

መለያ ቁጥር የሌለው ዕቃ ከተቀላቀለ በኋላ ማንነቱን የሚመልስለት የለም። ዓመት፣ የርክክብ ተራ፣ የዕቃ ተራ በሚል 2017.4.2 ብሎ መጻፍ ይበቃል። ጨርቅ ላይ ቁጥሩ በጥጥ ጥብጣብ ተጽፎ በውስጥ ስፌት በኩል በሁለት ስፌት ይያያዝ። ብረት ላይ መጀመሪያ ፓራሎይድ ቢ 72 የሚባለው ቫርኒሽ ተቀብቶ ሲደርቅ ቁጥሩ ይጻፍበት፣ ከላይ እንደገና ይቀባ፤ በአሴቶን ይለቃል።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። ሜዳሊያና ጫማ በእጅ ተሰጥቶ፣ በምስጋና ተቀብሎ፣ ያለ አንዳች ፊርማ የሚቀር ከሆነ፣ ኃላፊው ሲቀየር ቤተሰቡ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ኬፕታውን ላይ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የስፕሪንግቦክ (የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን) ራግቢ ሙዚየም በ2019 ተዘግቷል፤ ሙዚየምም ይዘጋል። ስለዚህ የርክክብ ቅጹ በሁለት ቅጂ ይሁን። ስጦታ ነው ወይስ ውሰት የሚለው በግልጽ ይመረጥ። ውሰት ከሆነ የሚመለስበት ቀን፣ ተቋሙ ቢዘጋ ዕቃው ለማን እንደሚሄድ፣ ሲሰጥ የነበረበት ሁኔታ ከነፎቶው ይያያዝ፤ አንደኛው ቅጂም በሰጪው እጅ ይቅር።

በቅርስ እንክብካቤ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ