ማዕረጉን ጻፋችሁ፤ የተጓዘበትንም ጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የቀድሞ ወታደሮች ሲያርፉ የምታወጡትን ዜና ዕረፍት ሳልዘል አነባለሁ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ የዘመቱበት ዓመት፣ ያገለገሉበት ክፍል፣ ማዕረጋቸው፣ ኒሻናቸው። መጨረሻ ላይ «በትርፍ ጊዜያቸው በዱር በገደሉ መጓዝ ይወዱ ነበር» ተብሎ ወደ ቀብሩ ሰዓት ይታለፋል። ቅሬታዬ በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ጦርነት አራት አምስት ዓመት የወሰደበት ሰው፣ ቀሪውን ሃምሳ ዓመት የኖረው እዚያች ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካዊውን የኧርል ሼፈርን ሕይወት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1918 በፔንስልቬንያ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ደሴቶች በመገናኛ ክፍል አገለገለ። አብሮት ጫካ ለጫካ ሲዞር የኖረው የልጅነት ጓደኛው ዋልተር ዋይንሚለር ኢዎ ጂማ በተባለችው የጃፓን ደሴት ላይ ተገደለ። በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ላይ የሚያልፈውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረው ሊሄዱት ተነጋግረው ነበር። ሼፈር በሕይወት ተመለሰ፤ ጦርነቱ ግን አብሮት ገባ። በ1948 ብቻውን ተነሣ። ለምን እንደሚሄድ ሲጠየቅ፣ ውትድርናውን በእግሬ ሄጄ ከውስጤ ላወጣው ነው የሚል ሐሳብ ያለው መልስ ሰጥቷል።

ኤፕሪል 4 ቀን በደቡብ ካለችው የአሜሪካ ግዛት ከጆርጂያ፣ ከኦግልቶርፕ ተራራ ተነሥቶ ኦገስት 5 ቀን በሰሜን ጫፍ ባለችው በሜይን ግዛት ካታህዲን ተራራ ላይ ወጣ። 124 ቀን፣ ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ። በጦርነቱ ዓመታት የሚጠግነው ሰው ስላልነበረ መንገዱ በየቦታው በቁጥቋጦ ተውጦ፣ በወደቀ ዛፍ ተዘግቶ ነበር። በእጁ የነበረው ኮምፓስና የመኪና መንገድ ካርታ ነው። ካልሲ አያደርግም። አንድ ጫማ ተበጣጥሶም ቢሆን እስከ መጨረሻው አደረሰው። ከዚያ በፊት መንገዱን በአንድ ጉዞ የጨረሰ ሰው ስላልተመዘገበ የመንገዱ ኃላፊዎች መጀመሪያ ተጠራጠሩት፤ ያመኑት የዕለት ማስታወሻውንና ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አይተው ነው። ያ ማስታወሻ ዛሬ ስሚዝሶኒያን በተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም ይገኛል።

ብዙዎች የሚያወሩት ስለ «የመጀመሪያው ሰው» ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የኋላው ነው። ስሙን ካስመዘገበ በኋላ ጫካውን አልተወውም። መንገድ ከሚጠርጉትና ለተጓዥ መጠለያ ከሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ሆነ። በ1965 ያንኑ መንገድ በተቃራኒው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወረደው። በ1998፣ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ሦስተኛ ጊዜ ጨረሰው። ያረፈው በ2002 ነው። ይህን ሁሉ «በእግር መጓዝ ይወድ ነበር» ብለን እናሳጥረው?

ጫካ የጦርነትን ቁስል ሁሉ ይፈውሳል እያልኩ አይደለም። እንቅልፍ የነሣውን ሰው «ወጣ ብለህ ተናፈስ» ብሎ መሸኘት ጭካኔ ነው፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ብዙ ነው። የምለው ሰውየው ራሱ የመረጠውን ነገር እንደ ተራ ጊዜ ማሳለፊያ አንቁጠረው ነው።

ይህን የተረዱ ነበሩ። በእንግሊዝ አንድ የተራራ ወጪዎች ማኅበር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ አባላቱ መታሰቢያ በከተማ አደባባይ ሐውልት አላቆመም። ግሬት ጌብል የተባለውን ተራራና በዙሪያው ያለውን ከፍተኛ መሬት ገዝቶ በ1923 ለሕዝብ ጥቅም አስረከበ። በ1924 ስማቸው የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ጫፉ ላይ ተተከለ። ዛሬም በየዓመቱ፣ በእንግሊዝ የጦርነት ሟቾች በሚታሰቡበት እሑድ፣ ሰዎች በብርድና በዝናብ ወደዚያ ይወጣሉ። ሟቾቹ የወጡትን አቀበት ወጥቶ ማሰብ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የአበባ ጉንጉን ከማኖር የበለጠ ለሰዎቹ ይቀርባል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ለዜና ዕረፍት ቤተሰብ ስታነጋግሩ ስለ አገልግሎት ዘመኑ ከጠየቃችሁ በኋላ ጥቂት ጨምሩ፦ የት ይሄድ ነበር? ከማን ጋር? የትኛውን ወንዝ፣ የትኛውን ዳገት ነበር ደጋግሞ የሚያነሣው? ልጆቹን ወስዷቸው ያውቃል? የኒሻኑ ወረቀት መዝገብ ቤት ስላለ ነገም ይገኛል። የሄደበትን የሚያውቁት ግን ሚስቱ፣ ልጆቹና አብረውት የሄዱ ጓደኞቹ ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ነው። ቦታ ከጠበባችሁ ከማዕረግ ዕድገቱ ዝርዝር ሁለት መስመር ቀንሱለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ